ከኢብን ዓቢዲን «ሱክራ» እስከ ተካፉል፦ የተቃጠለ ቤት ካሳ በፊቅህ ታሪክ

ቤቱ በእሳት የወደመበት ሰው ካሳ የሚጠይቀው ማንን ነው? እሳቱን የለኮሰው ከታወቀ የፉቀሃእ መልስ ግልጽ ነው፤ የሌላውን ንብረት ያጠፋ ይተካል። ለኳሹ ካልታወቀ ወይም እሳቱ ከባለቤቱ ከራሱ ምድጃ ከተነሣ ግን ጥያቄው መልኩን ይለውጣል። በጉዳቱ እጁ የሌለበት ሌላ ወገን አስቀድሞ ገንዘብ ስለተቀበለ ብቻ የጠፋውን ሊተካ ይገደዳልን? ቢከፍልስ ባለቤቱ መቀበል ይፈቀድለታልን? ስለ መድን የተጻፉ የዘመናችን ድርሳናት አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከዓረቦኑ ነው፤ ሪባው የት ላይ እንደሆነ፣ ገረሩ ምን ያህል እንደሚከብድ ይመረምራሉ። የክርክሩን የመጀመሪያ ገጾች ስንገልጥ ግን ቀዳሚ ሆኖ የምናገኘው የካሳውን ጥያቄ ነው። ይህ የቅደም ተከተል ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በታች ለማሳየት እንሞክራለን።

የደማስቆው ሐነፊ ሊቅ ኢብን ዓቢዲን (1784–1836 እ.ኤ.አ.) ጉዳዩን ያነሡት «ረዱል ሙሕታር» በተሰኘው ሰፊ ሥራቸው ውስጥ ነው። ያነሡበት ቦታ ራሱ ይናገራል። የንግድ ውሎች ከሚተነተኑበት ክፍል ውስጥ አላስገቡትም፤ በአማን ወደ ሙስሊም አገር ስለሚገባ የውጭ ሰው በሚናገረው ምዕራፍ ውስጥ ነው ያስቀመጡት። በዘመናቸው ነጋዴዎች ከባዕድ አገር ሰው መርከብ ሲከራዩ፣ ከኪራዩ ሌላ በአገሩ ለሚኖር አንድ ሰው የተወሰነ ገንዘብ ይከፍሉ ነበር። ይህ ክፍያ «ሱክራ» ይባላል፤ ቃሉ ዋስትና ማለት ከሆነው የጣልያንኛ «ሲኩርታ» የመጣ ነው። ዕቃው ቢሰጥም፣ ቢቃጠል ወይም ቢዘረፍ ያ ሰው ሊተካ ይስማማል። በሱልጣኑ አማን በወደብ ከተሞች የተቀመጠ ወኪልም አለው፤ ገንዘቡን ከነጋዴዎች ይሰበስባል፣ ጥፋት ሲደርስም ካሳውን ይከፍላል።

ኢብን ዓቢዲን የሰጡት ብያኔ የሚያርፈው በካሳው ላይ ነው። ነጋዴው የጠፋበትን ምትክ ከዚህ ሰው መውሰድ አይፈቀድለትም፤ ምክንያቱም ሰውየው ሸሪዓ ያላስገደደውን ነገር በራሱ ላይ ግዴታ አድርጓል። ነገር ግን በዚህ ብቻ አልረኩም። ተቃራኒ መከራከሪያዎችን ራሳቸው አምጥተው ይመዝናሉ። በክፍያ አደራ የሚጠብቅ ሰው አደራው ሲጠፋ ይጠየቅ የለምን? አዎን፤ ሆኖም እዚህ ዕቃው ያለው በመርከቡ ባለቤት እጅ እንጂ በዋሱ እጅ አይደለም። ሁለተኛው መከራከሪያ ይበልጥ የረቀቀ ነው። አንድ ሰው ሌላውን «በዚህ መንገድ ሂድ፣ መንገዱ ሰላም ነው፤ ንብረትህ ቢወሰድ እኔ አለሁ» ቢለውና ቢዘረፍ፣ የሐነፊ መዝሀብ ተናጋሪውን ተጠያቂ ያደርጋል። ኢብን ዓቢዲን ግን ይህ የሚሆነው አሳሳቹ አደጋውን ሲያውቅ፣ የተሳሳተው ደግሞ ሳያውቅ ሲቀር ነው ይላሉ። የሱክራው ሰው መርከቡ ይስጠም አይስጠም የሚያውቀው ነገር የለም፤ ነጋዴውም ገንዘቡን የከፈለው አደጋው መኖሩን ስላወቀ ነው።

ብዙ ጊዜ ሳይጠቀስ የሚታለፈው ግን የመጨረሻው ክፍል ነው። ውሉ የተደረገው በባዕዱ አገር ከሆነና ካሳውም በዚያው በከፋዩ ፈቃድ ከተሰጠ፣ መቀበሉን ይፈቅዳሉ። እንግዲያው ገንዘቡ በራሱ አልተነወረም። ያስቸገራቸው የከፋዩ ግዴታ መሠረት ማጣቱ ነው። ኢብን ዓቢዲንን «መድንን በሙሉ ያወገዙ» አድርጎ መጥቀስ እንግዲህ ከጽሑፋቸው በላይ መናገር ይሆናል።

ጥያቄው ከባሕር ወደ የብስ፣ ከመርከብ ወደ ቤት የተሻገረው በኦቶማን ከተሞች ነው። የኢስታንቡል ሰፈሮች በአብዛኛው በእንጨት የተሠሩ ነበሩ። በ1870 እ.ኤ.አ. በፔራ ሰፈር የተነሣው ቃጠሎ በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶችን በላ፤ ከዚያ ወዲህ የአውሮፓ የእሳት መድን ኩባንያዎች በከተማይቱ መበራከት ጀመሩ። ከ1904 እስከ 1906 ቻርልስ ጎድ የተባለ እንግሊዛዊ ካርታ ሠሪ የኢስታንቡልን ሕንፃዎች የእንጨቱን ከድንጋዩ ለይቶ የሚያሳይ ካርታ አዘጋጀ። ካርታው ዛሬ ለከተማ ታሪክ አጥኚዎች ብርቅ ሰነድ ነው፤ ሲሠራ ግን ለዓረቦን ስሌት ነበር።

የግብፁ ሊቅ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ፣ ኋላ የግብፅ ሙፍቲ የሆኑት፣ በ1324 ዓመተ ሒጅራ (1906 እ.ኤ.አ.) ስለ «ሱኩርታህ» አጭር ድርሳን የጻፉት ከኦቶማን ግዛት ለመጣላቸው ጥያቄ መልስ ሲሰጡ ነው። ጠያቂዎቹ ስለ መርከብ አላነሡም። አንድ ሙስሊም በየዓመቱ እየከፈለ ንብረቱን በኩባንያ ዋስትና ሥር ቢያደርግ ምን ይባላል አሉ። አል-ሙጢዒ የመተካት ግዴታ የሚመነጨው ከከፋላ ወይም ጉዳት ከማድረስ ነው ብለው ይነሣሉ። ኩባንያው ለሌላ ባለዕዳ ዋስ አልሆነም፤ ቤቱንም አላቃጠለም። ስለዚህ ውሉ ብልሹ ነው፣ የቁማር ጠባይም አለበት። የሙግቱ ሰንሰለት አይበጠስም፤ ቤቱ የነደደበትን ሰው ግን አመዱ ላይ ይተወዋል።

ከኩባንያዎቹ በፊት ያ ሰው ማን ነበረው? የሰፈር ሰዎች ለግብርና ለድንገተኛ ወጪ ያቆሟቸው ወቅፎች ነበሩ። በሐዲስ የተመሰገነውም የአሽዐሪዮች ልማድ አለ፤ ስንቅ ሲያልቅባቸው የቀራቸውን በአንድ ጨርቅ ሰብስበው እኩል ይካፈሉ ነበር። የዘመኑ ጸሐፊዎች በብዛት የሚያነሡት ግን ዓቂላን ነው፤ በስሕተት ለተገደለ ሰው ዲያውን ዘመዶች የሚሸከሙበትን ሥርዓት ማለታችን ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል እንላለን። ዓቂላ የሚሸከመው የነፍስና የአካል ካሳን እንጂ የንብረት ጉዳትን አይደለም፤ ለተቃጠለ ቤት በቀጥታ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ዘለላ ነው።

ሙስጠፋ አዝ-ዘርቃ በ1961 እ.ኤ.አ. በደማስቆ በተደረገው የፊቅህ ሳምንት መድንን ሲፈቅዱ ዓቂላን ካቀረቧቸው መነሻዎች አንዱ አደረጉ። ከሌሎቹ መነሻዎች መካከል ያ የመንገዱ ምሳሌ ይገኛል። ኢብን ዓቢዲን መዝነው ያልተቀበሉትን ዘርቃ መሠረት አደረጉት። ሙሐመድ አቡ ዘህራ በዚያው ጉባኤ ተቃወሟቸው። የጅዳው የፊቅህ አካዳሚ በታኅሣሥ 1985 የንግድ መድንን ከልክሎ በመተባበርና በመለገስ ላይ የቆመውን ሲፈቅድ፣ በሱዳን ከ1979 ጀምሮ በዚህ መንገድ የሚሠራ ድርጅት ነበር። መፍትሔው የሄደው በቀጥታ ወደ ኢብን ዓቢዲን ጥያቄ ነው። የከፋዩ ግዴታ ከየት መጣ? ከጠበሩዕ፤ አባላት ለጋራ ቋት በሚሰጡት ልገሳ። ድርጅቱ የቋቱ አስተዳዳሪ ነው፤ ቋቱ ቢጎድል ያለ ወለድ ያበድረዋል።

በአገራችን የአቢሲኒያ ባንክ ከ1905 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውጭ ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር መድን ይሸጥ ነበር። ወሰኑን የደነገገው የ1960 እ.ኤ.አ. የንግድ ሕግ ነው፤ የመድን ክፍሉ ዛሬም ይሠራል። ብሔራዊ ባንክም በ2020 የተካፉል ሥራን የሚመለከት መመሪያ አወጣ። ዕድርና የሐረር አፎቻ መረዳጃዎች ናቸው፤ ቤት ሲቃጠል ጎረቤት አዋጥቶ ያቆማል፤ ሆኖም የተጎዳው ሰው «ይህን ያህል ይገባኛል» ብሎ የሚጠይቅበት የተቆረጠ ልክ ብዙውን ጊዜ የላቸውም።

ልኩ ነው ካሳን ካሳ የሚያሰኘው። የንግድ ሕጉ አንቀጽ 678 ካሳው ቤቱ ጉዳት በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ እንዳይበልጥ ይላል። ፊቅህም ቤትን ምትክ ከማይገኝላቸው፣ በዋጋ ከሚተመኑ (ቂሚይ) ንብረቶች ይመድበዋል። ሁለቱ የሚገናኙበትን ይህን ነጥብ ስለ ዓረቦን የሚከራከሩት ብዙም አያዩትም፤ ለቤት ባለቤት ግን ጠቃሚው ይህ ነው። ቤቱን ከዋጋው አሳንሶ ያስመዘገበ ሰው የልዩነቱን ድርሻ ራሱ ይሸከማል። አደጋውን በአምስት ቀን ውስጥ ማስታወቅ፣ ጥያቄውንም ሁለት ዓመት ሳያልፍ ማቅረብ ይኖርበታል። የጠፋውን ዕቃ በዝርዝር መጻፍ፣ ፍርስራሹ ሳይነሣ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ደረሰኝ መጠበቅ የሚያስፈልገውም የቤቱ የዚያ ቀን ዋጋ በሌላ መንገድ ስለማይታወቅ ነው።

በተካፉል ውስጥ የግምቱ ክብደት ይጨምራል። የሃያ ዓመት ቆርቆሮ በአዲስ ዋጋ ያስገመተ ሰው የወሰደው ከአንድ ኩባንያ ትርፍ ሳይሆን የእርሱን ያህል ከለገሱ ሰዎች ቋት ነው። ቋቱ በዓመቱ መጨረሻ ትርፍ ሲኖረው ደግሞ ካሳ የወሰደ አባል ይካፈላልን የሚል ጥያቄ ይነሣል። አንዱ አሠራር ለሁሉም ያካፍላል፤ ሌላው ካሳ ያልወሰዱትን ብቻ ይጠራል፤ ሦስተኛው የወሰደው ካሳ ከከፈለው ካነሰ ልዩነቱን ይሰጠዋል። የሒሳብና የኦዲት መመዘኛ የሚያወጣው የባሕሬኑ ተቋም ሦስቱንም ይቀበላል። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው በሁለተኛው አሠራር ከትርፉ ውጭ ይሆናል፤ የትኛው እንደሚሠራበት የሚያውቀው ደግሞ ውሉን ሲፈርም ካነበበው ብቻ ነው።