የተወለወለው ጠገራ

ሳንቲም የሚሰበስብ ወዳጅ ያለው ሰው ስለ ስጦታ አይጨነቅም። ወሎ የሄደው ከገበያ፣ አክሱም ጽዮንን ሊሳለም የወጣው ከመንገድ ዳር፣ አያቱን የቀበረው ደግሞ ከሙዳዩ ውስጥ አንድ ነገር ይዞልኝ ይመጣል። ፍቅሩ ሙሉ ነው፤ ሳንቲሙ ግን ብዙ ጊዜ ሙሉ አይደለም። አንዱ ተበስቷል፣ አንዱ ማንጠልጠያ ተበይዶበታል፣ ሌላው በሎሚና በአመድ ታሽቶ እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል። የባሕር ማዶ ሰብሳቢዎች በሚሠሩበት ሚዛን ሦስቱም አንድ ስም አላቸው፤ «የተጎዳ»። ይህ ሚዛን ለእኛ አገር ብር ልክ ሆኖ አልታየኝም።

አብዛኛው የሚደርሰኝ ጠገራ ነው፤ ማርትሬዛ። የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 አረፈች፤ ከዚያ ወዲህ በመልኳ የተቀረጸው ብር ሁሉ ይህንኑ ዓመት እንደ ያዘ ቀረ። ክብደቱ ከ28 ግራም እምብዛም አይበልጥም፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። በዳሩ ዙሪያ «በፍትሕና በርኅራኄ» የሚል የላቲን ቃል ጎላ ብሎ ተጽፎበታል። ጽሑፉ ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ዳሩን ሞርዶ ብር የሚቀንስ ሌባ ወዲያው እንዲታወቅ ነው። የእኛም ነጋዴ ዓይኑ አይታለልም ነበር፤ የእቴጌይቱን የፈርጥ ዶቃዎች በጣቱ ይቆጥራል፣ ፊቱ የተፋቀውን ይመልሳል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ ያስቀረጹት፣ የራሳቸው መልክና የይሁዳ አንበሳ ያለበት ብር እንኳ በክብደት ቢተካከለውም ጠገራን ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም። ኢጣሊያ ለወረራ ስትሰናዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ የጠገራውን መቅረጫ ከኦስትሪያ ተቀብላ በሮም ማስቀረጽ ጀመረች፤ እንግሊዝም የቀይ ባሕር ንግዷ እንዳይጎዳ በ1936 በለንደን ተከተለቻት።

ባንክ በሌለበት ዘመን ብር ማደሪያው ሦስት ነበር፤ ጉድጓድ፣ ሙዳይና አንገት። አንጥረኛው በስቶ ድሪ ላይ ቢሰካው ወይም አቅልጦ መስቀል ቢያወጣበት ሀብቱ ባከነ አይባልም፤ በቋንቋችን ማዕድኑም ገንዘቡም «ብር» ነውና። አንድ ወዳጄ ከእናቱ ዕቃ አውጥቶ የሰጠኝ ጠገራ አለ። ቀዳዳው ክብ አይደለም፤ ክሩ ወደ ላይ እየሳበው ሞላላ ሆኗል። በአንድ በኩል የንስሩ ላባ ጥርት ብሎ ይታያል፤ በሌላው በኩል የእቴጌይቱ ጉንጭ ለስልሷል። የትኛው ፊት ደረቷ ላይ ያርፍ እንደ ነበር መናገር ይቻላል። ይህን «የተጎዳ» የሚል ካታሎግ ካለ፣ ማንበብ የተሳነው ካታሎጉ ነው።

የሚያሳዝነኝ የተወለወለው ነው። ብር ከአየር ጋር ሲኖር ቀስ በቀስ ጥቁር ቆዳ ያወጣል፤ ይህ ቆዳ በፊደላቱ ሥርና በጸጉሩ መስመር ውስጥ ተኝቶ መልኩን ያጎላዋል። አመድ ግን ጥቁሩን ብቻ አያነሣም፤ ብሩንም ይሞርዳል። የብዙ ሰው እጅ በመቶ ዓመት ያልፈጀውን ጸጉር አንዲት ደግ ሴት ከቡና በፊት ታጠፋዋለች። «አጽድቼ አመጣሁልህ» ስትለኝ ምን እላለሁ? እግዜር ይስጥልኝ ከማለት በቀር የሰበሰብሁት ያንኑ ቆሻሻ ነው ብዬ አላሳፍራት።

ከአክሱም የሚመጣው ጉዳይ ከዚህ የከበደ ነው። ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፣ ከ3ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ አንሥቶ፣ አክሱማውያን በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ገንዘብ ቀርጸዋል፤ ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል በገንዘቡ ላይ የጨረቃው ምልክት ለመስቀል ቦታውን መልቀቁን የምናየው ከእነዚሁ ነው። በአንዳንዶቹ የነሐስ ሳንቲሞች ላይ ደግሞ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ስስ የወርቅ ልባጥ አለ። ሎሚና አሸዋ ያረፈበት ሳንቲም ይህን ወርቅ ይዞ አይቆይም።

ይሁንና ማንም ሳያሸው የደረሰኝ የአክሱም ሳንቲምም ደኅና አይደለም። የተገኘበት ማሳ፣ ከጎኑ የነበረው ገል፣ የተኛበት የአፈር ድርብ ተለይቶታል፤ የንጉሡ ስም ይነበባል፣ ሳንቲሙን የጣለው ሰው የት ይኖር እንደ ነበር ግን ከእንግዲህ አይታወቅም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ የሚያዝዘው በከንቱ አይደለም። ጎብኚው ግን አዋጁን አያውቅም፤ ሳንቲሙን የሸጠለት ልጅም የሚያውቀው መንገደኛው ደስ እንደሚለው ነው።

ስለዚህ በዚህ ጊዜ ምስጋናውን አዘግይቼ እጠይቃለሁ። ማን ሸጠልህ? በየት በኩል? አገኘሁት ያለው መቼ ነው? መልሱ አጭር ነው፤ በፖስታው ጀርባ ላይ እንዳለ ጽፌ ሳንቲሙን በውስጡ አኖርና ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እወስደዋለሁ። የመጨረሻው ፖስታ እንዲህ ይላል፦ «አክሱም። ከአንድ እረኛ ልጅ። ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ከበቆሎ ማሳ።»