የዮርክታውን ቧንቧ ሸፋኞች

ዮርክታውን የተባለችው የጦርነት ዘመን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ዛሬ በአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና፣ በቻርለስተን ወደብ ሙዚየም ሆና ትጎበኛለች። ግንባታዋ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1941 በቨርጂኒያ ተጀምሮ ኤፕሪል 15 ቀን 1943 ለአገልግሎት በቃች፤ ለዚያን ያህል ግዙፍ መርከብ አስገራሚ ፍጥነት ነው። የፍጥነቱን ዋጋ ከከፈሉት መካከል ግን ጠላትን በዓይናቸው ያላዩ ሠራተኞች አሉ። የስምንቱ ቦይለሮች፣ የተርባይኖቹና የእንፋሎት ቧንቧዎቹ ሙቀት እንዳይባክን መሸፈኛው አስቤስቶስ ነበር። በዚያ ዘመን ቧንቧ ሸፋኞች በጠባብ ክፍል ውስጥ ብሎኩን በመጋዝ ይቆርጣሉ፣ ዱቄቱን በውኃ ያቦካሉ፣ መጋጠሚያውን በእጃቸው ይለስናሉ። አቧራው አጠገባቸው ለሚበይደውም ሆነ የኤሌክትሪክ ሽቦ ለሚዘረጋው አይመለስም፤ በልብስ ላይ ተቀምጦ ቤት ድረስ ይገባና ልብሱን የምታጥበውን ሚስት ያገኛታል።

«ያኔ ጉዳቱ መች ታወቀና?» የሚሉ አሉ። ማስረጃው ግን አይደግፋቸውም። በ1930 የብሪታኒያ መንግሥት ተመራማሪዎች የአስቤስቶስ አቧራ ሳንባ ላይ ጠባሳ እንደሚያወጣ አሳይተዋል፤ በማግስቱ ዓመት መቆጣጠሪያ ደንብ ወጣ። የዮርክታውን ግንባታ ከመጀመሩ ወራት ቀደም ብሎ፣ በማርች 1941፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የመከላከያ ሕክምና ኃላፊ ኮማንደር ስቲቨንሰን ሠራተኞቹ በሚገባ እየተጠበቁ እንዳልሆነ ለአለቃው ጽፏል። ጠንከር ያለው መከራከሪያቸው በ1946 የታተመው ጥናት ነው፤ 1,074 ቧንቧ ሸፋኞችን መርምሮ ሦስት ሕሙማን ብቻ ስላገኘ ሥራው አደገኛ አይደለም ብሎ ደመደመ። ነገር ግን ከተመረመሩት 95 በመቶ ያህሉ በሥራው አሥር ዓመት አልሞላቸውም፤ ሦስቱ ሕሙማን ደግሞ ከሃያ ዓመት በላይ የሠሩ ነበሩ። ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት አድፍጦ ለሚወጣ በሽታ ይህ በተዘራ ማግስት ማሳውን አይቶ አረም የለም እንደማለት ነው።

ያለ አስቤስቶስ መርከቧ ባልተሠራች ነበር ለሚለው እሺ እላለሁ። ነዳጅና ቦምብ ተሸክሞ ለሚዋጋ መርከብ ከእሳት የከፋ ጠላት የለም፤ ያኔ እሱን የሚተካ ነገር በበቂ መጠን ማግኘትም አስቸጋሪ ነበር። አቧራውን መቆጣጠር ግን ይቻል ነበር። ባሕር ኃይሉ ራሱ በ1943 ከማሪታይም ኮሚሽን ጋር ባወጣው የመርከብ መሥሪያዎች የደኅንነት መመሪያ የአየር ማስወጫና የመተንፈሻ ጭምብል እንዲኖር ጠይቋል። የጎደለው ማስፈጸሙ ነው፤ ለዚህም ነው ጥፋቱን በዘመኑ አላዋቂነት ማሳበብ የማይገባው። ከዚህ ተነሥቶ መርከቧ ትፍረስ ማለትም ስህተት ነው፤ ያልተነካካ አስቤስቶስ አቧራ አይበትንም፣ ያለጥንቃቄ ሲሰበርና ሲነቀል ነው የሚገድለው። ለአብራሪዎቹ የሚሰጠው ክብር ግን ለቧንቧ ሸፋኞቹም ይገባል። አሜሪካ እስከዚያ ድረስ በሥራ ላይ የቆየውን ነጭ አስቤስቶስ የከለከለችው በማርች 2024 ነው፤ ከኮማንደሩ ደብዳቤ 83 ዓመት በኋላ።