በሐርጌሳ የተቀበረው ድምፅ

በሐርጌሳ ከተማ «ጅግጅጋ ያር» የሚባል ሰፈር አለ፤ ትርጓሜው በሶማልኛ «ትንሹ ጅግጅጋ» ማለት ነው። ከትናንት ቅርስ የትኛው ይቀመጥ፣ የትኛውስ ይጣል ለሚለው ጥያቄ ይህች ከተማ ታላቅ ምስክር ናት።

የሐርጌሳ ሬዲዮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1943 ዓ. ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ ዘፈኑም ግጥሙም ድራማውም በቴፕ ክር እየተቀረጸ ይከማች ነበር። በ1988 ዓ. ም. የዚያድ ባሬ መንግሥት ከተማዋን በአውሮፕላን አስደበደበ፤ ሕዝቡም ወደ ጅግጅጋ አውራጃ ተሰደደ፤ በሐርተሼክም ታላቅ የስደተኞች ሰፈር ቆመ። ጥቂት የሬዲዮው ሰዎች ግን የሚመጣውን አስቀድመው ስለ ተረዱ፣ ክሮቹን አውጥተው ከፊሉን በመሬት ቀበሩ፤ ከፊሉንም ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ አሻገሩ።

ዛሬ በ2014 ዓ. ም. በተከፈተው የባህል ማዕከል ከ10,000 በላይ ክሮችና ካሴቶች ተሰብስበው ይገኛሉ። ይሁን እንጂ ክር ያረጃል፤ ሳይገለበጥ የቆየውም ድምፁን ያጣል። ስለዚህ የትኛው አስቀድሞ ይገልበጥ ብሎ መወሰን፣ የትኛው ይጥፋ ብሎ ከመወሰን እጅግ የራቀ አይደለም።

በየትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት የተከማቸው ፎቶግራፍም ዕጣው ይኸው ነው። በጀርባው ስምና ዘመን ያልተጻፈበት ሥዕል ከሁሉ አስቀድሞ ይጣላል። እንግዲህ አንድ ሥዕል ከመጣሉ በፊት ሁለት ነገር ይጠየቅ፤ ሌላ ቅጂ አለውን? በሥዕሉ ያሉትን የሚያውቅ ሰው በሕይወት አለን? ቅጂ የሌለው ይቀመጥ፤ የሚያውቀውም ሰው ሳያልፍ ስሙ ይጻፍ።