ስለ ወረቀት መጽሐፍና ስለ ኤሌክትሮኒኩ ማንበቢያ

(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር ነው፤ ላልሰሙት እንዲደርስ እዚህ ታትሟል።)



ከደብረ ማርቆስ የጻፉልን አንድ አባት ልጃቸው ዘንድሮ ለሕክምና ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ መግባቷን በደስታ ከገለጹልን በኋላ አንድ ጥያቄ ያቀርባሉ። ለመጽሐፍ ብለው ያጠራቀሙት ገንዘብ አላቸው፤ ነገር ግን ገንዘቡ ወይ ሁለት ሦስት የታተሙ መጻሕፍት ለመግዛት፣ ወይም ብዙ መጻሕፍት በሆዱ የሚይዘውን የኤሌክትሮኒክ ማንበቢያ ለመግዛት እንጂ ለሁለቱም አይበቃም። የትኛው ይሻላል? ይላሉ።

ጥያቄው የአንድ ቤት ጥያቄ ይመስላል። ዳሩ ግን የሰው ልጅ ጽሑፉን ከአንድ ዕቃ ወደ ሌላ ዕቃ ባዛወረ ቍጥር ይህንኑ ሲጠይቅ ኖሯል። ስለዚህ መልሱን ከመስጠቴ አስቀድሞ ወደ ኋላ ተመልሼ ታሪኩን ላወጋችሁ እወዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት የኢትዮጵያ ብዬ ካልለየኋቸው በቀር በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በጥንት ዘመን በግብፅ፣ በግሪክና በሮም አገር መጽሐፍ ማለት የሚጠቀለል ነገር ነበር። አንባቢው በአንድ እጁ እየዘረጋ በሌላው እጁ እየጠቀለለ ያነብ ነበርና ወደ ኋላ ተመልሶ አንድ ቃል መፈለግ አድካሚ ሥራ ነበር። ዛሬ የምናውቀው፣ ቅጠል በቅጠል ላይ ተደርቦ የሚጠረዘው መጽሐፍ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በነበሩት በመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት ቀስ በቀስ ጥቅሉን ተካው፤ ክርስቲያኖችም ይህን አዲስ ዐይነት ከሌላው ሕዝብ ቀድመው ወደዱት። ጥቅሉ ግን ፈጽሞ አልሞተም። በአገራችን በአንገት የሚንጠለጠለው ክታብ ብዙውን ጊዜ ጥቅል ነው። አሮጌው ዕቃ ሥራውን ለወጠ እንጂ አልጠፋም፤ ይህን ነገር ወደ ፊት እንድናስታውሰው እለምናለሁ።

የብራና መጽሐፍ ዋጋው ከባድ ነው። የፍየሉ ወይም የበጉ ቆዳ በውኃ ይነከራል፤ በእንጨት ላይ ተወጥሮ ጠጉሩና ስቡ ይፋቃል፤ ደርቆ ከለሰለሰ በኋላ ይሠመርና ቁም ጸሐፊው በመቃ ብዕር ፊደል በፊደል ይጽፍበታል። ለአንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ ፍየሎች ቆዳና የብዙ ወራት ድካም ያስፈልጋል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ድካም የሚያስገኘውን ዕድሜ ተመልከቱ። በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች በካርቦን ተመርምረው በ4ኛውና በ7ኛው መቶ ዓመት መካከል የተጻፉ መሆናቸው ተገልጧል። ግዕዝ የተማረ ሰው ዛሬ ከፊታቸው ቢቆም ያለ አንዳች መሣሪያ፣ በቀን ብርሃን ብቻ ያነባቸዋል።

የማተሚያው መኪና ሲመጣ ሁለተኛው ምርጫ መጣ። ጉተንበርግ በማይንስ ከተማ በ1455 ገደማ መጽሐፍ ቅዱስን ሲያትም ወደ 180 ያህል ቅጂ አወጣ፤ አብዛኛውን በወረቀት፣ የቀረውን በብራና ነበር። እርሱም ራሱ ሁለቱን ዘመን አንድ ላይ ይዞ ነበር ማለት ነው።

የእኛ ፊደል ወደ ማተሚያ የገባው ከዚያ ብዙም ሳይዘገይ ነው። በ1513 በሮም ከተማ መዝሙረ ዳዊት በግዕዝ ታተመ። ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ሰው ነው፤ በሮም የነበሩት የኢትዮጵያ መነኮሳት ሲጸልዩ ሰምቶ ቋንቋውን ከእነርሱ ዘንድ ተማረ። የሚያስቀው ግን ቋንቋውን ‹ከለዳዊ› ብሎ መጥራቱ ነው። መጽሐፉ ታተመ፤ የማን ቋንቋ እንደ ሆነ ግን አሳታሚው በትክክል አላወቀም!

ከዚያ በኋላ በ1548 እና በ1549 የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ ተስፋ ጽዮን በዚያው በሮም ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። በአገር ቤት በዚያ ዘመን በነበረው ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና መጻሕፍት ተቃጥለው ነበርና የአንድ መጽሐፍ መብዛት ምን ያህል ዋጋ እንደ ነበረው መገመት አያስቸግርም። ሆኖም አታሚዎቹ ፊደሉን ማንበብ አይችሉም፤ ተስፋ ጽዮንም የማተምን ጥበብ አያውቁም። ስለዚህ ስሕተት ገባ፤ እርሳቸውም አንባቢውን ይቅርታ ጠየቁ። አዲስ መሣሪያ ወደ አንድ ቋንቋ ሲገባ እንግዳ ሆኖ ነው፤ መክፈልም ያለበት የቋንቋው ባለቤት ነው። ይህ ነገር ከአራት መቶ ዓመት በኋላም እንደ ገና ሲደርስብን እናያለን።

በአገር ቤት የማተሚያው ታሪክ ቶሎ የሚነገር ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የወጣው አእምሮ ጋዜጣ በመጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በጥቂት ቅጂዎች ብቻ ይሠራጭ ነበር። የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ አቈጣጠር ተቋቋመ። መኪናው በአዲስ አበባ ሲያትም ቁም ጸሐፊዎች በየገዳሙ ብራና መጻፋቸውን አልተዉም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ኖሩ።

አሁን ወደ ማንበቢያው መሣሪያ ልምጣ። ብዙ ሰው ይህ ነገር ትናንት የተወለደ ይመስለዋል። ነገር ግን በ1973 የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም አንሥቶ በመሣሪያ የማስነበብ ሰፊ ሥራ ተጀምሮ ነበር። ሥራው በአሜሪካ በሚኒሶታ፣ በኮሌጅቪል ከሚገኘው ከቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የተካሄደ ሲሆን ከ9,000 በላይ መጻሕፍት በፊልም ተነሡ። ዶክተር ጌታቸው ኃይሌም ረጅም ዘመናቸውን መጻሕፍቱን አንድ በአንድ እየመረመሩ በመዘርዘር አሳለፉ። በረዶ በሚወርድበት አገር፣ በመሣሪያው ፊት ተቀምጦ፣ ከሸዋና ከጎጃም አድባራት የተነሣ መጽሐፍ ማንበብ ተቻለ። እኔ ይህን ሥራ የማደንቅበት አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለኝ፤ ፊልሙን ለማንበብ መብራትና ማጉሊያ መስታወት ብቻ ይበቃል። የማንም ኩባንያ ፈቃድ አያስፈልግም።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ1971 ማይክል ሃርት የተባለ አሜሪካዊ ተማሪ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ላይ የአሜሪካን የነጻነት ዐዋጅ ጽፎ ማንም እንዲያነበው አኑሮ ነበር። ሥራው በጉተንበርግ ስም ተጠርቶ፣ የደራሲ መብታቸው ያለፈ መጻሕፍትን እስከ ዛሬ በነጻ ያድላል። በእጅ የሚያዘው ማንበቢያ ግን በሰፊው የታወቀው በ2007 አማዞን የተባለው ኩባንያ ኪንድል የተባለውን መሣሪያ በኖቬምበር ወር ባወጣ ጊዜ ነው። ዋጋው 399 ዶላር ነበር፤ በአምስት ሰዓት ተኩል ውስጥ ተሽጦ አለቀ።

የመሣሪያው አሠራር ብልኀት ያለበት ነው። ከገጹ በታች እንደ ጠጉር የቀጠኑ፣ ፈሳሽ የሞላባቸው እጅግ ብዙ እንክብሎች አሉ። በእያንዳንዱ እንክብል ውስጥ ነጭና ጥቍር ቅንጣቶች ይንሳፈፋሉ፤ የኤሌክትሪክ ጠባያቸው ተቃራኒ ስለ ሆነ ኤሌክትሪኩ ነጩን ሲስብ ገጹ ነጭ፣ ጥቍሩን ሲስብ ፊደል ይሆናል። ቅንጣቶቹ አንድ ጊዜ ከቆሙ በኋላ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም ከቦታቸው አይነቃነቁም። ስለዚህ መሣሪያው አንድ ጊዜ ኀይል ከተሞላ ለብዙ ቀን ያገለግላል፤ መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ዐይናቸው የደከመ ሰዎች ፊደሉን እንደ ልባቸው ያሳድጉታል። አባቴ መነጽራቸው አልረዳ ብሏቸው ንባብ ትተው ነበር፤ እኅቴ ከዋሽንግተን የላከችላቸውን መሣሪያ ከያዙ ወዲህ ግን ራት ቀርቦ እንኳ ቶሎ አይነሡም።

እንግዲህ ክሱን ልናገር። በጁላይ ወር 2009 ኪንድል የገዙ አንዳንድ አሜሪካውያን አንድ ቀን መሣሪያቸውን ሲከፍቱ የከፈሉበት መጽሐፍ የለም። የጆርጅ ኦርዌል ሁለት መጻሕፍት፣ አንዱ ‹1984› የሚባለው፣ ያለ መብት የተሸጡ ሆነው ስለ ተገኙ ኩባንያው ከሩቅ ሆኖ ከየሰዉ መሣሪያ አጥፍቷቸው ነበር። ገንዘቡ ተመልሷል። ነገር ግን ያ መጽሐፍ ጽሑፍን ስለሚያጠፋና ያለፈውን ስለሚለውጥ መንግሥት የሚናገር ነውና ዓለም ሁሉ ተገረመ፤ የኩባንያው አለቃም በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ። ለትምህርቱ መጽሐፉን ያነብ የነበረ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የጻፈው ማስታወሻ መጽሐፉ ከጠፋ ወዲያ የማይረባ ስለ ሆነበት ኩባንያውን ከሶ በስምምነት ጨረሰ። በ2019 ደግሞ ማይክሮሶፍት የመጽሐፍ መደብሩን ሲዘጋ የገዢዎቹ መጻሕፍት ሁሉ ተዘጉ፤ ገንዘባቸው ተመለሰላቸው፤ በመጻሕፍቱ ላይ ማስታወሻ ለጻፉትም 25 ዶላር ተጨመረላቸው። አንድ ሰው በኅዳግ ላይ የጻፈው አሳብ 25 ዶላር ተገመተ ማለት ነው!

መጽሐፍ ሻጭ ከሸጠው በኋላ ሌሊት ቤታችን ገብቶ መጽሐፋችንን ይዞ ቢወጣ ሌባ እንለዋለን። እዚህ ግን ገዢው የገዛው መጽሐፉን ሳይሆን የማንበብ ፈቃዱን ነው፤ ይህንንም ብዙ ሰው ሳያነብ ‹እሺ› ብሎ ይፈርማል።

የፊደላችንን ጉዳይ ደግሞ እነሆ። በጽሕፈት መኪና ዘመን እንደ ኢንጂነር አያና ብሩ ያሉ ሰዎች ከሁለት መቶ የሚበልጠውን ፊደላችንን ለላቲን ፊደል በተሠራ ጠባብ መኪና ላይ ለማስገባት ብዙ ደክመዋል። ኮምፒዩተር በመጣ ጊዜ ድካሙ እንደ ገና ተጀመረ። በ1980ዎቹ በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች የአማርኛ መጻፊያ ሠሩ፤ ግን እያንዳንዱ ሠሪ ለፊደላቱ የራሱን ቍጥር ይሰጥ ስለ ነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ስምምነት አንድ ቋሚ ቦታ ያገኘው በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለጥቂት ዓመታት በአሮጌው ዘዴ የተጻፈው ብዙ ጽሑፍ ዛሬ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የነጥብ ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። እኔም በአንድ መሥሪያ ቤት በነበርኩ ጊዜ ከእኔ በፊት የነበሩ ሰዎች የጻፉትን የሬዲዮ ንግግር ፈልጌ ባገኝ አንድ ቃል ማንበብ አልቻልኩም። ጽሑፉ ከሃያ ዓመት አይበልጠውም። የአባ ገሪማን ወንጌል ያሰብኩት በዚያች ሰዓት ነው።

በ2012 ‹ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ኮምፒዩተር› የሚለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አጠገብ ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት በታሸገ ሣጥን የንባብ መሣሪያ ሰጥቶ ነበር። ልጆቹ ያለ አስተማሪ ሣጥኑን ከፍተው መሣሪያውን ማሠራት ቻሉ፤ የልጆቻችን ብልኀት ያስደስታል። ነገር ግን የተማሩት ኤ፣ ቢ፣ ሲ ነው። የተስፋ ጽዮንን አታሚዎች ታስታውሳላችሁ?

የማጥናትን ነገር በተመለከተ በ2018 የወጣ አንድ ሰፊ ምርመራ 54 ጥናቶችን፣ ከ170,000 በላይ አንባቢዎችን ሰብስቦ መርምሯል። ውጤቱም እውቀት የሚሰጥ ጽሑፍ፣ ይልቁንም በተወሰነ ጊዜ የሚነበብ ሲሆን፣ በወረቀት ላይ ያነበቡት የበለጠ እንደሚረዱት ያሳያል፤ ለልብ ወለድ ንባብ ግን ልዩነት አልተገኘም። በ2023 የስዊድን መንግሥት ለትምህርት ቤቶች የታተመ መጽሐፍ መግዣ ብዙ ገንዘብ መመደቡ ከዚህ ዐይነቱ አሳብ የመነጨ ነው።

አንድ ነገር ግን ሚዛኑን ወደ ሌላው ወገን ይስበዋል። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ዐፄ ቴዎድሮስ ከሰበሰቧቸው መጻሕፍት መካከል 350 ያህሉ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ተወሰዱ፤ ዛሬም በለንደን በብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው በ1872 ጽፈው መጽሐፉ ተመልሶላቸዋል። የቀሩት እዚያው ናቸው። በቅርብ ዓመታት ከእነርሱ አንዳንዶቹ ፎቶግራፋቸው ተነሥቶ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ማንም እንዲያያቸው ተደርጓል፤ የጎንደር ተማሪ በስልኩ ሊያነባቸው የሚችልበት መንገድም ተከፍቶ ነበር። ይህን ጥቅም የሚንቅ ሰው አይደለሁም፤ እኔም አይቻቸዋለሁ። የብራናው ሽታና የማኅደሩ ክብደት ግን በስልክ አይላክም፤ ሥዕሉን ያገኘም መጽሐፉ ተመለሰልኝ አይልም።

ወደ ደብረ ማርቆሱ አባት ልመለስ። ለጥያቄዎ የሰጠሁት ምክር ይህ ነበር። ልጅዎ ዓመቱን ሙሉ እየመላለሰች የምታጠናውን፣ በኅዳጉም የምትጽፍበትን አንድ ዋና መጽሐፍ በወረቀት ይግዙላት፤ አዲሱ ከተወደደ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ይፈልጉላት። አንድ ጊዜ ተነብቦ የሚታለፈውንና በነጻ የሚገኘውን ግን በእጇ ባለው ስልክ ታንብበው፤ ለዚህ ሲባል ሌላ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። ማንበቢያውን የሚገዛ ዐይኑ የደከመ፣ ወይም ከቤተ መጻሕፍት ርቆ የሚኖር ሰው ቢሆን ይሻላል።

እርሳቸውም ይህን ንግግር ከማዘጋጀቴ በፊት መልስ ጽፈውልኛል። ልጃቸው በአንድ ክፍል ከሚያድሩ ከሦስት ሴት ተማሪዎች ጋር ተማክራ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ የተለያየ መጽሐፍ ገዝተው በየተራ ያነባሉ። በፈተና ሰሞን ግን የሰውነት አካላት መጽሐፍ በማን እጅ ይደር የሚል ጠብ ተነሥቶ ዕጣ እስከ መጣጣል ደርሰዋል አሉ።