ከብራና እስከ ኤስ ኤስ ዲ

በቴንስታ ሕንፃዎቻችን ምድር ቤት፣ በየመጋዘናችን ካርቶን ውስጥ፣ ከአገር ቤት የመጣ የካሴት ደብዳቤ ያላችሁ ስንት ትሆኑ? ስልክ ውድ በነበረበት ጊዜ እናቶች ድምፃቸውን ቀድተው በሰው እጅ ይልኩልን ነበር። አሁን ልጆቻችን ያንን ድምፅ፣ ከሠርጉ ቪዲዮና ከፎቶግራፉ ጋር፣ ወደ ኮምፒዩተር ሊገለብጡት ይፈልጋሉ። «ብዙ የሚይዝና ርካሽ የሆነው ዲስክ የትኛው ነው?» ብለውም ይጠይቁናል። ጥያቄው ግን ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ነው።

አባቶቻችን በብራና ሲጽፉ ይህንኑ ሒሳብ ያሰሉ ነበር። ከአንድ የፍየል ቆዳ የሚወጣው ቅጠል ጥቂት ስለሆነ ትልቅ መጽሐፍ ማስጻፍ የመንጋ ዋጋ ይጠይቅ ነበር። በመሆኑም ጸሐፊው የሚደጋገመውን ቃል ያሳጥራል። ብራናው ውድ ነው፤ ነገር ግን ይቆያል። በአድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ወንጌል በካርቦን ምርመራ ከ330 እስከ 650 ዓ.ም. ባለው ዘመን የተሠራ መሆኑ ታውቋል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በ1973 ደግሞ የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። ከ9,000 የሚበልጡ መጻሕፍት ተነሥተው አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ በሚኒሶታ ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከ1976 ጀምሮ እዚያው ሆነው ፊልሙን እያነበቡ ካታሎግ አዘጋጅተዋል። ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ አገሪቱ በአብዮት ውስጥ ነበረች፤ ሁለተኛው ቅጂ ግን ባሕር ማዶ ነበር።

ወደ ዲስኩ እንምጣ። በ1956 አይ ቢ ኤም ያወጣው የመጀመሪያው ዲስክ 50 ሰሌዳዎች ነበሩት፤ የያዘው ግን 5 ሚሊዮን ፊደል ያህል ብቻ ነው። በ1984 የቶሺባው ጃፓናዊ ፉጂዮ ማሱኦካ ፍላሽ የተባለውን ማኅደር ለዓለም አስተዋወቀ። በ1991 ሳንዲስክ 20 ሜጋባይት የሚይዝ ኤስ ኤስ ዲ በ1,000 ዶላር ገደማ ሸጠ። ዛሬ በዚያ ዋጋ ብዙ ቴራባይት ይገዛበታል።

ይህ ሁሉ ርካሽነት ከየት መጣ? በኤስ ኤስ ዲ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር የለም፤ ኤሌክትሮኖች በጥቃቅን ክፍሎች ይታሰራሉ። አንድን ብርጭቆ ሙሉ ነው ወይስ ባዶ ብሎ መለየት ቀላል ነው። በአንድ ክፍል ሦስት ቢት ሲቀመጥ (ቲ ኤል ሲ ይሉታል) 8 ደረጃ መለየት ያስፈልጋል፤ አራት ቢት ሲሆን (ኪው ኤል ሲ) 16። ጥቂት ከተነነ ንባቡ ይሳሳታል። ስለዚህ ኪው ኤል ሲ ይረክሳል፣ ብዙም ይይዛል፤ ሲጽፉበት ግን ቶሎ ያረጃል። ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ የተተወ ኤስ ኤስ ዲ፣ በተለይም ያረጀው፣ የያዘውን ሊያጣ ይችላል። ይህን ሻጭ አይነግራችሁም፤ የታክሲ ደንበኞቼም ስነግራቸው ይገረማሉ።

እኔ ብጠየቅ፣ ለዕለት ሥራ መካከለኛ መጠን ያለው ቲ ኤል ሲ ይበቃል። ለእናት ድምፅ ግን በቴራባይት ሲሰላ የሚረክሰውን የድሮውን ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ሁለት ገዝቶ፣ አንዱን በሌላ ከተማ ካለ ዘመድ ዘንድ ማኖር ይሻላል። በየዓመቱም ሰክቶ ማየት ያስፈልጋል።

በኢንተርኔት በጥቂት ክሮነር የሚሸጠውን «16 ቴራባይት» ኤስ ኤስ ዲ ግን አትንኩት። ብዙውን ጊዜ በውስጡ ያለው ትንሽ ካርድ ነው፤ መጠኑን ዋሽቶ ይናገራል፤ ሲሞላም በቀድሞው ላይ ይጽፋል። ከየትም ብትገዙ ካሴቱን ከመጣላችሁ በፊት ዲስኩን ጢም አድርጋችሁ ሙሉና መልሳችሁ ክፈቱት። ከስዊድን ነጋዴ የገዛችሁት ከሆነ ሕጉ ለ3 ዓመት አቤት የማለት መብት ይሰጣችኋልና ደረሰኙን ያዙ።