ጎመን ዘር፣ በሸክላ ሳህን

እናቶቻችን በተሰደዱበት አገር ሁሉ ምጣድ የሚያሰሱባት፣ ሊቃውንት «ብራሲካ ካሪናታ» የሚሏት ይህች ደቃቅ ፍሬ የኢትዮጵያ ደጋ ተወላጅ ናት። ዓሣ በአብዛኛው ከባሕር ዋቅላሚ በምግብ ሰንሰለት የሚወርሰውን ኦሜጋ 3 የተባለ ስብ ከምድር አዝመራ ለማግኘት የተመኙ የካናዳ ተመራማሪዎች፣ ከረቂቃን ፍጥረታት የተገኙ ጂኖች በዚህችው ዘር አኑረው፣ ከስቧ እስከ 25 በመቶው ኢፒኤ የተሰኘው ኦሜጋ 3 እንደ ሆነ በ2010 እ.ኤ.አ. ገለጡ፤ ሽታዋን ለሚያውቅ ግን ዓሣን ማሰብ ይቸግራል።

ዓሣን በአዝመራ የመተካቱ ጉዳይ በኡጋንዳ ካምፓላ ላለው የሙየንጋ ኮረብታ ባዕድ አይደለም፤ ከኮረብታው አናት በሚታየው የቪክቶሪያ ሐይቅ፣ በሌሊት በፋኖስ ብርሃን የሚጠመደው ሙኬኔ የተባለ ትንሽ ዓሣ፣ ለድሃ ማዕድ ሊበቃ ሲችል፣ ደርቆና ተፈጭቶ ለዶሮና ለሌላ ዓሣ መኖ ይሆናልና።