ዋስትና የፈቀዱት ዳኛ

ነሐሴ 13 ቀን 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በይፋ ሲመሠረት ወላይታ ሶዶ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫው ሆነች። ክልል የሆነ ምክር ቤትና ካቢኔ ብቻ ሳይሆን የራሱን ፍርድ ቤቶችና የራሱን የዳኞች አስተዳደር ጉባኤም ያደራጃል። የምሥረታው ቀን በመጣ ቁጥር ስለ መንገድና ስለ በጀት መነጋገራችን ተገቢ ነው፤ ዳኛውን ማን ይጠይቀዋል የሚለውም ከዚያ ያላነሰ ጉዳይ ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በአፄ ምኒልክ ዘመን አፈ ንጉሡ በንጉሡ ስም ይፈርድ ነበር፤ የመጨረሻው ቃል ግን የዙፋን ችሎት ነበር። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የዳኞችን ነፃነት ሲደነግግም ሿሚው ያው ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ደርግ የፈለገውን ጉዳይ ወደ ልዩ የጦር ፍርድ ቤት ወሰደው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በስተቀር በሌላ ሁኔታ አይመራም አለ። ከጡረታ ዕድሜው በፊት ከሥራ የሚነሳውም ጉባኤው የዲሲፕሊን ጥፋት፣ ጉልህ የችሎታና የቅልጥፍና ማነስ ወይም ሥራ የሚያስተጓጉል ሕመም ማየቱን ሲወስንና ምክር ቤቱ በአብላጫ ድምፅ ሲያጸድቀው ብቻ ሆነ።

ይህ ድንጋጌ ስድስት ዓመት ሳይሞላው ከባድ ፈተና መጣበት። በ1993 ዓ.ም. ሕወሓት ለሁለት ተሰነጠቀ። ከተሸነፈው ወገን የነበሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ጉዳያቸው የቀረበው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ በነበሩት ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ችሎት ነበር። ዳኛዋ ተጠርጣሪው በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። አቶ ስዬ ከችሎቱ እንደወጡ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። በቀናት ውስጥም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጅ ቁጥር 239/1993ን አጽድቆ በሙስና የተያዘ ሰው የዋስትና መብት እንዳይኖረው አደረገ።

ይህን ታሪክ ሁለት ወገን በሁለት መንገድ ይተርከዋል። በመንግሥት በኩል ያሉት፣ ሙስና ልዩ ወንጀል ነው፣ ሥልጣን የነበረው ሰው ከወጣ ማስረጃ ያጠፋል፣ ምክር ቤቱም ሕግ የማውጣት ሥልጣኑን ነው የተጠቀመው ይላሉ። በሌላ በኩል ያሉት ደግሞ አዋጁ ለአንድ ሰው ተብሎ፣ ትእዛዝ ከተሰጠ በኋላ የተሰፋ ልብስ ነው ይላሉ። የመንግሥት ሥጋት ባዶ ነበር ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 6 በተለዩ ሁኔታዎች ዋስትና ሊነፍግ የሚችለው ፍርድ ቤት እንደሆነ ይናገራል። ያ ዓይነቱ አዋጅ ለዳኛው የሚመዝነው ነገር አላስቀረለትም። ከዚያ በላይ የሚከብደው ደግሞ በፍርድ ቤቱ ደጃፍ የሆነው ነው። ዳኛ ከተሳሳተ ይግባኝ አለ፤ ካጠፋ ጉባኤ አለ። የፖሊስ እጅ ከሁለቱም አይደለም።

ከአራት ዓመት በኋላ በ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 434 የዋስትና ክልከላውን ከባድ ቅጣት በሚያስከትሉ የሙስና ወንጀሎች ላይ ወሰነው። አቶ ስዬ ግን እስከ 1999 ዓ.ም. ድረስ ስድስት ዓመት ያህል ታስረው ቆይተዋል። ዳኛዋ ችሎቱን ለቀው ወደ ፖለቲካ ገቡ፤ በቅንጅት አመራርነታቸው ታሰሩ፤ በይቅርታ ተፈቱ፤ ደግመው ታሰሩ፤ በ2003 ዓ.ም. መስከረም ላይ ወጡ። የዳኞች አስተዳደር ሕጉም በ2002፣ ከዚያም በ2013 በአዋጅ ቁጥር 1233 እየተለወጠ መጣ።

ብርቱካን ኅዳር 2011 የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። ወላይታና ሌሎች የደቡብ አካባቢዎች ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ሲሰጡ ቦርዱን የሚመሩት እሳቸው ነበሩ። ቦርዱ በወላይታ ዞን የሕግ ጥሰት አግኝቶ የዞኑን ውጤት ሰረዘ፤ ወላይታም ሰኔ 12 ቀን እንደገና ድምፅ ሰጠ። ክልሉ የተመሠረተው ከዚያ በኋላ ነው።

ባለጉዳይ ከሶዶ ፍርድ ቤት በር ላይ ቆሞ ዳኛው ጉቦ በላ፣ ቀጠሮ አጓተተ፣ ወገን ለየ ብሎ ቢያማርር ጆሮ ሊነፈገው አይገባም። ነፃነት ለዳኛው ከጥያቄ መሸሸጊያ አልተሰጠም። አበው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ትቆጨኛለች ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሕዝቡ በሚያምነው ፍርድ ቢረታም ይችላል። ስለዚህ ጉባኤው አቤቱታውን ይስማ፣ ይመርምር፣ የደረሰበትንም ለአመልካቹ ይንገረው።

የክልሉ ምክር ቤት አባላት ሆይ፣ የአንድ ዳኛ ስንብት ለማጽደቅ በቀረበላችሁ ዕለት እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይህ ሰው የሚሰናበተው ባጠፋው ጥፋት ነው ወይስ በሰጠው ውሳኔ? በውሳኔው ከሆነ መዝገቡን ወደ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መልሱት።